ለሳሌም አንድ መደብ

ሶዶ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደድሽው ለእህታችን ልጅ ለቤቴል፣ ባለሽበት በጌንት ከተማ፣ ቤልጂየም፤

የጌታ ሰላም፣ የዳሞታ ተራራ ንፋስ፣ የእኔም ሰላምታ ተጨምሮበት ካለሽበት ይድረስሽ። ፈጣሪ የሄድሽበትን ሁሉ መንገድ ያቅናልሽ። እኛ ደህና ነን።

ይህን የጻፈው ማን ነው ብለሽ እንዳትጨነቂ። እኔው ነኝ፣ ዱባለ፣ የእናትሽ የአጎት ልጅ፣ ሥጋ ቆራጩ። የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። ድሮ ደብዳቤ ሳስጽፍ ጸሐፊው የምነግረውን ግማሽ ጽፎ ሙሉውን ያስከፍለኝ ነበር። አሁን ዱባለ ለራሱም ጸሐፊ ነው፣ ቢለምኑትም ለሰው። በቀይ ስጽፍ አይቶ መምህራችን ፀጋአብ "ጋሽ ዱባለ፣ ቀይ እስክሪብቶ እኮ የአስተማሪ ነው" ቢለኝ "የሥጋ ቆራጭም ነው" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎኛል። ክፍላችን ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ አንባቢ የለም፤ አንዲት ሴትዮ ትበልጣለች ይላሉ፣ እሷ ግን መነጽር አላት።

ወረቀቱን ባለቤቴ ሙሉሐረግ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። "በድምፅ ብትልክላት አይቀልም?" ትለኛለች። በድምፅማ ማንም ያወራል።

የሰፈራችን የበሬ ማኅበር ከአሁኑ ለመስቀል በሬ እያማረጠ ነው። ሰብሳቢው ቶማ ነው። ሥጋውን ቆራጩና በየድርሻው መዳቢው እንደ ሁልጊዜው እኔ ነኝ፤ ዱባለ ከመደበው መደብ ላይ ሚዛን ይዞ የሚመጣ ሰው ገና አልተወለደም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የመጨረሻ ልጄ ሳሌም እግሯ አደገ። እጇ ቀጭን ነው፣ ፊቷም ትንሽ ገርጥቷል፣ እግሯ ግን የሯጭ እግር ሆኗል። የገና ጫማዋ አልገባ አላት። ሙሉሐረግ "እንዲህ በአንዴ?" ትላለች፤ እኔ "የአባቷ ልጅ ናታ" እላለሁ። እግሯን ወረቀት ላይ አስቁሜ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አዙሬዋለሁ፣ ልኩ ከጀርባ አለ። ከዚያ አገር አንድ ጫማ ብትልኪላት፣ ቀለሙ ቀይ ይሁን።

ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም። ቆዳዋ እየተቆጣ ይላጣል፣ ተቅማጥም ይመላለስባታል። ስለዚህ እንቁላሉንም፣ ሥጋውንም፣ ወተቱንም፣ ቦሎቄውንም አስቁመናል። አንዲት የተከበረች ሴት "ሰውነቷን የሚያስቆጣው ኃይለኛ ምግብ ነው፣ ደሟን እያቃጠለ ነው" ብላ መከረችን። አሁን በጎደሬና በጎመን ብቻ ናት። ተረጋግታለች። ከመረጋጋቷ ብዛት መጫወትም ትታለች።

ባለ ቀይ እስክሪብቶው
ዱባለ


ጌንት፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዱባለ፤

ጌታ ቤትዎን ይጠብቅ፣ እጅዎን ይባርክ። ለሙሉሐረግና ለሳሌም ሰላምታዬ ይድረስ። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ሰው እስኪያየኝ ድረስ ሳቅሁ። ጫማው ጋ ስደርስ ሳቄ ቆመ።

ጫማ አልልክም። አይቆጡኝ፣ መጀመሪያ ይህን ያድርጉልኝ። ሳሌምን ያስቀምጧትና ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ ባለው አጥንት ላይ በአውራ ጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑ፤ ስሟን ደጋግመው እስኪጠሩ ያህል ያቆዩት። ከዚያ ያንሡት። ሥጋው ወዲያው ከተመለሰ ይሳቁብኝ። ጎድጉዶ ከቀረ፣ በሁለቱም እግር ላይ ከሆነ፣ ያ ዕድገት አይደለም። ውኃ ነው። ልጅ የሚገነባት ምግብ ስታጣ ውኃ እግሯ ላይ ይወርዳል። ያን ካዩ ነገ አይበሉ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዷት።

እኔ እዚህ የማጠናው የልጆችን ምግብና ደም ነው። የተቆጣ ቆዳ፣ የቀጠነ ክንድ፣ መጫወት የተወች ልጅ፤ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ደብዳቤ ጽፈው መሐላቸው "ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም" ይሉኛል።

ደግሞ እንቁላሉን ያስቆመችው የተከበረች ሴት ማን ናት?

እናቴን ሰላም ይበሉልኝ። ስንደዋወል ስለ ዝናቡና ስለ መዘምራኑ ብቻ ነው የምታወራኝ።

አክባሪዎ
ቤቴል


ሶዶ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቤቴል፤

ሰላምና ጤና ይብዛልሽ። መልሴ ስለዘገየ ዱባለ ፊደሉን ረሳ እንዳትይ።

ወረቀትሽ የደረሰኝ ዕለት ተናድጄ ነበር። ጫማ ብለምናት ጣት አስጫነችኝ ብዬ ለሥጋ ቤቱ ሰው ሁሉ አወራሁ፣ ሁሉም ሳቀ። ቤት ገብቼ ሳሌምን አስቀመጥኳትና ሙሉሐረግ እንድትስቅልኝ እየቀለድኩ ተጫንኩት። ጣቴን ሳነሣ ጉድጓዱ ቀረ። የተቦካ ሊጥ ላይ እንደተጫንኩ ሆኖ ቀረ። ሌላውንም ተጫንኩ። ሙሉሐረግ ነጠላዋን አንሥታ ቀድማኝ ከበር ወጣች። ቤቴል፣ እኔ በሬ ቆሞ ሲሄድ አይቼ ስንት መደብ እንደሚወጣው የምናገር ሰው ነኝ። የገዛ ልጄ እግር ላይ ውኃና ሥጋ መለየት አቃተኝ።

ሆስፒታል ተኛች። መጀመሪያ ቀጭን ወተት በትንሽ በትንሹ፣ ሌሊትም ጭምር። እኔ አንድ ትልቅ ቁርጥ በዳጣ በርበሬ አድርጌ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ከጭኑ የተመረጠ። ነርሷ ከደጅ መለሰችኝ። "አባት፣ ልጅቷን ሊገድሏት ነው?" አለችኝ። "ሥጋ ሰው ሲገድል አላየሁም" አልኳት። "እኔ አይቻለሁ፣ በተራበ ሆድ ላይ" አለችኝ። ተመልሼ በረንዳው ላይ ራሴ በላሁት፣ ግን አልጣፈጠኝም።

አሁን ቤት ገብታለች። የእግሯ እብጠት ጎድሏል፣ ግን አልጨረሰም። ካርዷ ላይ ደሟ ውስጥ ብግነት አለ ተብሎ ተጽፏል፣ እኔው ነኝ ያነበብኩት፣ ያለ አስተማሪ። አሁን እንቁላልም ቦሎቄም አብሏት አሉን።

እዚህ ላይ ነው ከካርዱ ጋር የተጣላሁት። ብግነት ማለት እሳት አይደለም ወይ? ደሟ ውስጥ እሳት ካለ እንጨት ልጨምርበት? ያቺ ሴት ያለችው ይህንኑ አልነበረም? ሰፈሩ ሁሉ "አላልኳችሁም?" እያለ ነው። አስረጂኝ፣ ግን ለሥጋ ቆራጭ በሚሆን ቋንቋ።

የሴትዮዋን ስም ጠይቀሽኛል። ከዱባለ አፍ ቀልድ እንጂ ስም አይወጣም።

ዱባለ


ጌንት፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዱባለ፤

ለሳሌም ዕድሜ የጨመረላት አምላክ ስሙ ይክበር። ሙሉሐረግን ይሳሙልኝ፣ ከእርስዎ ቀድማ ከበር ስለወጣች።

እሳት መሆኑ እውነት ነው። ያነደደው ግን እንቁላሉ አይደለም። ሰውነት ጠላት ሲገባበት ራሱ ያነደዋል፣ ጠላቱን ሊያቃጥል። ጠላቱ ብዙ ጊዜ የሚገባው ካልተፈላ ውኃና ካልታጠበ እጅ ነው፤ አንጀት ውስጥ ይቀመጥና እሳቱ ሳይጠፋ ከርሞ ይቆያል። እሳት ደግሞ ማገዶ ይፈልጋል። ከውጭ ካላገኘ የቤቱን ምሰሶ እየነቀለ ያነዳል። የልጅ ምሰሶ ሥጋዋ ነው። የሳሌም ክንድ የቀጠነው ለዚህ ነው። ፕሮቲን የሚባለው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ቦሎቄው፣ ሥጋው፣ ምሰሶውን መልሶ ይተክላል፣ ጠላቱን የሚዋጉትንም ይሠራል። ጎደሬ ሆድ ይሞላል፣ ምሰሶ ግን አይተክልም። ምግቡን ስታስቆሙ የከለከላችሁት አናጢውን ነው፣ እሳቱማ ቀጥሏል።

የማላውቀውን ደግሞ አልደብቅዎትም። እኛ በምናያቸው ልጆች በቂ ፕሮቲን ያገኙት ደም ውስጥ የእሳቱ ምልክት ዝቅ ይላል። ሥጋ በሚትረፈረፍበት አገር ያጠኑ ደግሞ፣ የሥጋ ብዛት ምልክቱን ከፍ ሲያደርግ አየን ይላሉ፤ ከባቄላና ከቦሎቄ የሚገኘው ግን ረጋ ያለ ነው ይላሉ። የቀደመው እሳቱ ነው ወይስ ምግቡ በሚለው ገና እንከራከራለን። ስለዚህ በቃ፣ ሥጋ መድኃኒት ነው ብለው በሬ እንዳያስውጧት። በየቀኑ ትንሽ ነው የሚያስፈልጋት። ዓመቱን ሙሉ ጎመን በልቶ በመስቀል ሳምንት በሥጋ መንበሽበሽ ለአዋቂ ደስታ ነው፤ የልጅ ሰውነት ግን ለዓመት የሚሆን አያስቀምጥም። ደግሞ ለሳሌም ጥሬ አይሆንም። ይቀቀል። ወላይታ ነኝ ብለው አይከራከሩኝ፣ እኔም ወላይታ ነኝ።

ለእናቴ ሰላምታዬን አድርሰው ነበር? ስለ እርሷ አንድም መስመር አልጻፉልኝም። በፊት እኮ ቀልድዎ ግማሹ በእርሷ ላይ ነበር።

ቤቴል


ሶዶ፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለቤቴል፤

ዮ ዮ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫችን ደረሰ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ብርሃኑ እዚያ ጉም ውስጥም ይድረስሽ።

የአናጢውን ነገር ለበሬ ማኅበሩ ነገርኳቸው። አንቺ እንዳልሽው አይደለም የነገርኳቸው፣ እኔ አሳምሬዋለሁ። ከዚያ "ወንድሞች፣ ዘንድሮ አንድ መደብ ይጨመር" አልኩ።

"ለማን?" አለ ቶማ።

"ለልጆች።"

"ልጆች ከአባታቸው መደብ አይበሉም እንዴ?"

"አይበሉም። አባትና እንግዳው ከበላ በኋላ የሚደርሳቸው አጥንት ነው፣ አጥንቱንም ውሻ ይሻማቸዋል።"

ሳቁ። ቶማ ግን "ዱባለ ፊደል ቆጥሮ ጨረሰና የሰው ጉርሻ መቁጠር ጀመረ" አለ። አሁንም ሳቁ፣ በዚህኛው እኔም ሳቅሁ፣ ጥሩ ነበር።

"ደግሞ የልጆቹ ተቀቅሎ ነው" አልኩ።

ይህን ጊዜ ሳቁ ጠፋ። በመስቀል ሥጋ መቀቀል እዚህ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንድ ሽማግሌ "ይህ ሰው ታሟል፣ ጸልዩለት" አሉ። እኔም ቆሜ "ያለ ልጆቹ መደብ ቢላዬ ከሰገባው አይወጣም፣ ፈልጋችሁ ሌላ መዳቢ አምጡ" ብዬ ወጣሁ። እስከ አሁን የለመነኝ የለም፣ እኔም አልለምንም። ሙሉሐረግ "መስቀልን ያለ ሥጋ ልንውል ነው?" አለችኝ። ቦሎቄ አለ አልኳት። የሥጋ ቆራጭ ቤት በመስቀል ቦሎቄ ሲበላ ሰፈሩ ያያል። ይይ።

ሁለተኛው ነገር ቀልድ አይደለም። ትናንት ያቺ ሴት ቤታችን መጣች። ሳሌም የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ልትነክስ ስትል ሴትዮዋ ከእጇ ነጠቀቻት። አልጣለችውም። በነጠላዋ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ ታቅፋ ይዛው ወጣች። ቀብር የምትሄድ ትመስል ነበር። ሳሌም አለቀሰች። እኔ ተከትያት ወጣሁና ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ጀርባዋን ሳየው መልሼ ዘጋሁት። እስከ ዛሬ አፌን ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ሙሉሐረግ እንቁላሉን ለመስጠት ፈርታለች። "እሷ ያለ ነገር እንዲህ አታደርግም" ትላለች። ልጅቷ ትናንት ማታ ጎደሬ በልታ ተኛች። ሰፈሩን መከራከር እችላለሁ፣ ይህችን ሴት ግን አልቻልኩም። ንገሪኝ፣ ምን ልበላት?

ዱባለ


ጌንት፣ መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዱባለ፤

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ሳምንቱን ሙሉ ደጋግሜ አነበብኩት።

እናቴ ናት። አይደብቁኝ። ሰው ሲታመም ቀድማ የምትመጣ፣ የእርስዎን አፍ የምታስዘጋ ሴት በሰፈሩ ሌላ የለችም። ስለ እናቴ መጻፍ ሲያቆሙ ነው የጠረጠርኩት። እንቁላል በነጠላ የታቀፈችውን ሳነብ አወቅሁ።

ታናሽ ወንድሜን ቤኒን ያስታውሱታል። እኛ ያኔ ሁምቦ ወረዳ ነበርን። ዝናቡ የቀረበት ዓመት ነው። እግሩ አበጠ፣ ቆዳው ተላጠ፣ ሰዎች "ወፈረ" አሉ። እናቴ ከጎረቤት አንድ እንቁላል ለምና ጠዋት አበላችው። ማታ ሞተ። አንድ ሰው ለቅሶ ላይ "ያ እንቁላል ከበደው" አለ። ማን እንዳለው አላውቅም፣ ቃሉ ግን ከቤታችን አልወጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ እንቁላል አትነካም። ስለ እሱም አታወራም፣ እኔም አልጠይቃትም። እኔ ይህን ትምህርት የመረጥኩት ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ሌላ ምክንያት ነው የምናገረው።

አልፈራትም። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት እንዳላሳዝናት ነበር፣ ዝምታዬ ግን የሳሌምን እንቁላል ነጠቀ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ይዘው ሄደው ጮክ ብለው ያንብቡላት። በሚያምር ድምፅዎ። ምንም እንዳይጨምሩበት፣ ጋሼ፤ አውቅዎታለሁ።

"እማዬ፣ ቤኒን የገደለው እንቁላሉ አይደለም። ረሃቡና በሽታው ሥራቸውን ጨርሰው ነበር። እንቁላሉ የደረሰው ዘግይቶ ነው፣ አንቺ ግን አልዘገየሽም፤ ከዚያ በፊት ከየትም አይገኝም ነበር። አሁን ይገኛል። ለሳሌም ስጪያት።"

ቤቴል


ሶዶ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለቤቴል፤

ሰላምሽ እንደ ክረምት ውኃ ይብዛ። ብዙ ስለቆየሁ ተቆጥተሻል። ተቆጪ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

መስቀል ሆነ። በሬው ወደቀ፣ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ቦሎቄ እበላለሁ። ቶማ ራሱ ቢላ ያዘ። አንዱ መደብ ሻኛ ብቻ፣ ሌላው ጎድን ብቻ ሆነ፤ ጉበቱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሰው መገፋፋት ሲጀምር ቶማ ራሱ ደጃፌ ላይ መጣ።

"ና እባክህ" አለኝ።

"የልጆቹ መደብስ?"

"ና አልኩህ እኮ።"

"ተቀቅሎ?"

መሬት መሬት አየና "እንደፈለግክ አቃጥለው" አለ።

ሄድኩ። መደቦቹን አፍርሼ እንደገና መደብኩ። ከዚያ ዕጣ ሳይወጣ ከእያንዳንዱ መደብ ላይ አንዳንድ ቁራጭ አነሣሁና የልጆቹን ሠራሁ። የትኛው መደብ የማን እንደሚሆን ገና ስላልታወቀ ሁሉም ከጎረቤቴ ነው የተቆረጠው ብሎ አሰበ፣ የተቆጣ ሰው አልተገኘም። ይህን የማታ ትምህርት ላይ አያስተምሩም። ሙሉሐረግና ሴቶቹ በትልቅ ድስት ቀቀሉት፣ ያው ሽማግሌ ድስቱን እያዩ "ወላይታ ዛሬ ሞተ" አሉ። የልጅ ልጃቸው ሁለቴ ተጨመረለት።

አንድ ሳምንት ዓመት እንደማይሆን አልረሳሁም። ከጓሮ ቦሎቄ ዘርቻለሁ፣ ዶሮዎቹንም ከመሸጥ አግጃለሁ፣ ውኃው ሳይፈላ ሳሌም ጋ አይደርስም። ሥጋ ቤት "ባለ ቦሎቄው" ይሉኛል። እንግዲያው በየቢላው ላይ ጻፉት፣ አሁን ማንበብ እችላለሁ አልኳቸው።

አሁን ወደ እናትሽ፣ ወደ እትዬ አስካለች ልምጣ።

ያንቺን ቃል ይዤ የሄድኩት ከመስቀል በኋላ ነው። ዘገየሁ፣ ምክንያቱም ፈራሁ። አነበብኩላት። ምንም አልጨመርኩም፣ አንድ ቀልድ እንኳ። ከጨረስኩ በኋላ "ድገመው" አለች። ደገምኩት። "ድገመው።" ደገምኩት። ከዚያ ተነሥታ በሩን ከፈተችልኝ፣ ውጣ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ በደጃችን አላለፈችም፣ ቸርች ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። አበላሸሁት ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ለዚህ ነው የዘገየሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ሰላም አላለችንም። ከነጠላዋ ውስጥ አንድ የተቀቀለ እንቁላል አወጣች፣ ገና ትኩስ ነው። ቁጭ ብላ ራሷ ላጠችው። ቅርፊቱ በየቦታው ይቀራል፣ ሙሉሐረግ ልትረዳት ብትል እጇን መታቻት። ሳሌም እጅ ላይ አስቀመጠችላት። ልጅቷ እንዳትነጥቃት ፈርታ ዞር ብላ ነው የበላችው።

እትዬ አስካለች አልሄደችም። በሩ አጠገብ ወንበር ስባ ሳሌምን ማየት ጀመረች። ምሳ ሰጠናት፣ አልበላችም። ሳሌም ስትወጣ ትወጣለች፣ ስትገባ ትገባለች። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት አጠገቧ ተንበርክካ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች። እኔ ቀልድ ላመጣ ስል ሙሉሐረግ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ጠዋት እንቁላል የበላው ልጅ ማታ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ እኔ አልጽፈውም። ፀሐይዋ ገባች። መብራት አበራን። ሳሌም ነቃችና ዓይኗን እያሸች እትዬ አስካለችን አየቻት።

"ሌላ አለሽ?" አለቻት።

እናትሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከነጠላው ሥር ሆና "ነገ አመጣለሁ" አለች። ይኸው በየቀኑ ታመጣለች። የኔ ዶሮዎች ሥራ ሊፈቱ ነው።

ጫማውን አትላኪው። የገናው ጫማ ገባላት፣ እንዲያውም ይሰፋታል። ላሳይሽ ብዬ ሳሌምን ወረቀት ላይ አስቆምኳት፣ ልኩ ከጀርባ አለ። መስመሩ ተጣምሞ፣ ተረከዙ ጋ ተቋርጦ፣ እንደገና ቀጥሎ ስታዪው የዱባለ እጅ ደከመ እንዳትይ። የኔ እጅ እንዲህ አይጽፍም። እናትሽ ናት እስክሪብቶውን የተቀበለችኝ። ተሳስታ እንደገና ልትጀምር ስትል ይኸው ይሂድ አልኳት።

እስክሪብቶ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ስለሆነ፣ ይህንን የሷ ደብዳቤ አድርጊው።

ዱባለ